በሩን ሳናንኳኳ ስላለፍናቸው ባልደረባችን

የዩኒቨርሲቲው የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል፣ የሰው ልጅን አመጣጥ በማጥናትና ፕራይሜት በሚል የወል ስም የሚጠሩትን ጦጣ፣ ዝንጀሮና ዘመዶቻቸውን በመመርመር ዕድሜያቸውን የሰጡትን አንጋፋ ባልደረባውን በሞት ማጣቱን ለመምህራን፣ ለተማሪዎች፣ ለቀድሞ ምሩቃንና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ከሐዘኑ ጋር ኀፍረት አለበት። በሐዘን መግለጫ ላይ ኀፍረት የሚል ቃል መጻፍ የተለመደ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ሳንጽፈው ብናልፍ ግን መግለጫው ሐሰት ይሆናል።

ይህ መግለጫ ባለፈው ሳምንት በማስታወቂያ ሰሌዳዎችና በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ የወጣውን የመጀመሪያ መግለጫ ይሽራል። ያ መግለጫ ሟች «በሚወዱት ሥራ ላይ ሳሉ፣ በሚወዷቸው ባልደረቦቻቸው መካከል» እንዳረፉ ይናገራል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ውሸት ነው። ሥራ ላይ ነበሩ፤ በመካከላችን ግን አልነበሩም። እኛ በኮሪደሩ ስንመላለስ እሳቸው ከበሩ ወዲያ ብቻቸውን ነበሩ።

በልብስ ስፌት የሚተዳደሩት የሟች ታናሽ እህት ያንን መግለጫ ከድረ ገጹ በወረቀት አሳትመው፣ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ሜትር እንኳ ሳያወልቁ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «መካከል» የሚለውን ቃል በጣታቸው ተጭነው ያዙና፣ «በመካከል የነበራችሁት እነማን ናችሁ? እስቲ ስማችሁን ንገሩኝ፤ አንድ በአንድ ላመስግናችሁ» አሉ። ትምህርት ክፍሉ ሟች ይሠሩበት የነበረውን ክፍል በስማቸው ለመሰየም ማሰቡን የክፍሉ ኃላፊ ጀመር ሲያደርጉ አቋረጧቸው። «ስያሜውን ተዉት። እውነቱን እስክትጽፉ ድረስ ደጄ እንዳትደርሱ። የእህቴን ለቅሶ ከእናንተ ጋር አላለቅስም» ብለው ወጡ። ስለዚህ ይህን መግለጫ የጻፍነው ሟችን ለማሰብ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ ለመድረስ ፈቃድ ለመጠየቅም ነው። እንዲህ ያለ ፈቃድ የጠየቀ መሥሪያ ቤት ከእኛ በፊት ይኑር አይኑር አናውቅም።

ሟች ስብሰባ ሲንዛዛ «መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ይሉ ነበር። እሾህ መላ ሰውነቷን ወግቷት ከየት ይነቀልልሽ ስትባል የመለሰችው ነው። በሌላ ቦታ ተራ ተረት ነው፤ ስለ ዝንጀሮ መቀመጫ የመመረቂያ ጽሑፍ በተጻፈበት ክፍል ውስጥ ግን ሁልጊዜ ያስቅ ነበር። እኛም መጀመሪያ ሊነቀል የሚገባውን ነክተናል። አሁን አገልግሎታቸውን እናስታውሳለን።

ሟች በረዳት ተመራማሪነት የተቀጠሩት የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም ነው። በዚያን ጊዜ ክፍሉ ማለት የራስ ቅል ቅጂዎች የታጨቁባቸው ሁለት ቁም ሣጥኖች፣ ሌንሱ የተጫረ አጉሊ መነጽርና ማብቂያ የሌለው ክርክር ነበር። ክርክሩ ስለ እጅ ነበር። ሰውን ሰው ያደረገው ድንጋይ የጠረበው እጁ ነው እየተባለ መምህራኑ ሁሉ አጥንት ይለኩ ነበር። እሳቸው በመጀመሪያው ሴሚናራቸው ተነሥተው «እጅማ ጦጣም አላት። እኔን የሚገርመኝ ዓይን ነው» አሉ። በወቅቱ የሳቁባቸው ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ጡረታ ወጥተው ዛሬም በሕይወት አሉ።

በቀጣዮቹ ዓመታት በሜዳም በግቢም ያጠኑት አንድ ነገር ነው። አንዷ ጦጣ ቀና ብላ ወደ አንድ አቅጣጫ ስታይ አጠገቧ ያለችውም ዞራ ታያለች። እባብ ሊኖር ይችላል፤ የበሰለ ፍሬ ሊኖር ይችላል። የሰው ልጅ ሕፃን ግን እባብም ፍሬም ባይኖር፣ እናቱ ስላየች ብቻ ዞሮ ያያል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለመረዳት ነው ሟች ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ለአዲስ ተማሪዎች የሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት «ሰው መሆን የጀመርነው ሌላው የሚያየውን ለማየት ዞር ያልን ዕለት ነው» በሚል ዓረፍተ ነገር ይጀምር ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር እኛም በየፈተናው እየጠየቅን፣ በትክክል ላልጻፈው ተማሪ ነጥብ እየቀነስን ኖረናል።

ከዚያም ከሕንፃው ጀርባ ያለው የጦጣዎች ግቢ የተቋቋመው በእሳቸው ጥረት ነው። መንጋው ከሕገወጥ ነጋዴዎች እጅ የተያዙና ወደ ጫካ መመለስ ያልቻሉ ጦጣዎች የተሰባሰቡበት ነው። ገመዱን ራሳቸው አሰሩ፣ መወጣጫውን ራሳቸው አስበየዱ፣ ለእያንዳንዷ ስም አወጡ። ግቢውን ከምልከታ ክፍላቸው የሚለየው አንድ ትልቅ መስታወት ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ያንን መስታወት አስቀየሩት። የቀድሞው ከአንድ ወገን ብቻ የሚያሳይ ነበር፤ እኛ ጦጣዎቹን እናያለን፣ ጦጣዎቹ እኛን አያዩም። ሟች «እኔ እያየኋቸው እነሱ ካላዩኝ ጥናት ሳይሆን ሌብነት ነው» ብለው ተራ መስታወት ካልገባ አሉ። ትምህርት ክፍሉ መረጃው ይበላሻል ሲል በጽሑፍ ተቃውሟቸዋል። አልተበላሸም። በዚያ ጉዳይ ትክክል እንደነበሩ በሕይወት ሳሉ ልንነግራቸው ይገባ ነበር።

የቀይ ካርዱንም ልማድ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። በምልከታ ላይ ያለ ተመራማሪ ቀይ ካርቶን በበሩ እጀታ ላይ ይሰቅላል፤ ካርዱ እስካለ ድረስ ማንም አያንኳኳም። አንድ የበር ጩኸት የስንት ሰዓት ምልከታ እንደሚያበላሽ የሚያውቅ ያውቀዋል። ተማሪዎች «ቀይ ካርድ ያየ ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል፤ የእኛ ተጫዋች ግን ይገባል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ልማዱ ከጊዜ ብዛት ከሕግ በላይ ተከበረ። የሚጥሱት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ራሳቸው። ካርዱን ሰቅሎ ምሳውን የዘለለ ሰው ካለ ሻይ ይዘው ይመጡና በጣታቸው አንጓ ቀስ አድርገው ያንኳኳሉ። «ዓይኔ፣ አለሽ?» ወይም «ዓይኔ፣ አለህ?» ይላሉ። «አለሁ» ሲባሉ ብርጭቆውን ደፉ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ሁሉንም ሰው «ዓይኔ» ስለሚሉ ተማሪዎች እሳቸውን «እትዬ ዓይኔ» ይሏቸው ነበር። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያንን ሻይ ያልጠጣ የለም።

አሁን ወደ ሆነው ነገር እንመለሳለን።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሟች ካርዳቸውን ሰቅለው ወደ ምልከታ ክፍላቸው ገቡ። ሙሽሪት የምትባለው ጦጣ መውለጃዋ ደርሶ ስለነበር ታጣፊ አልጋቸውን ዘርግተው እዚያው ቢያድሩ የሚገርመው አልነበረም፤ ልማዳቸው ነው። ዓርብ ከበሩ ሥር ብርሃን ይታይ ነበር። የትጋታቸው ምልክት አድርገን ወሰድነው። አንዲት መምህርት ተረከዙ እንዳይንኳኳ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ አልፋለች። አንድ መምህር ደግሞ ኮሪደሩ ላይ የሚንጫጩ ተማሪዎችን «እሽሽ! እትዬ ሥራ ላይ ናቸው» ብሎ ገሥጿል። ይህ እንዲጻፍ የጠየቁት ሁለቱ ራሳቸው ናቸው። አክብሮታችን የልብ ነበር። በእግር ጣታችን እየተራመድን በአክብሮት አለፍናቸው።

በዚያው ዕለት ረፋድ፣ ፎቅ ላይ በሚገኘው የካሜራ ክፍል ተረኛ የነበሩ ተመራማሪዎች አንድ እንግዳ ነገር አዩ። እሜቴ የምንላት የመንጋው አሮጊት መስታወቱ ሥር ተቀምጣ መዳፏን ለጥፋበታለች። ቆይቶ ሌሎቹም አጠገቧ ተኮለኮሉ። ምግብ በግድግዳው ቀዳዳ ሲገባላቸው ወረድ ብለው ቀማምሰው ይመለሳሉ፤ እሜቴ ግን ንቅንቅ አላለችም። ካሜራዎቹ የተተከሉት ጦጣዎቹን እንዲያሳዩ ስለሆነ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ክፍል በምስሉ ውስጥ አይገባም።

የተሰማን ደስታ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረናል፤ ነገር ግን የሆነው ይኸው ነው። የክፍሉ አባላት በስልክ በምንጻጻፍበት የጋራ ቡድን ላይ አንዱ «ኧረ እሜቴን እዩልኝ! መስታወቱን የሙጥኝ ብላለች» ሲል ጻፈ። ሌላው «ይሄ ነገርማ ጽሑፍ ይወጣዋል» አለ። ሦስተኛዋ «እትዬ ከታች ሆነው በቅርብ እያዩት ነው፤ ታድለው!» አለች። ለዚህ ለሦስተኛው መልእክት ብዙዎቻችን የልብ ምልክት ሰጥተንበታል።

የጦጣዎቹን ሁኔታ «ወደ ውጭ ማየት» በሚለው መደብ ሥር መዘገብን። ምን እያዩ እንደሆነ የሚጠይቅ መደብ የለንም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ሁለቱንም ሆንን። በሳምንቱ መጨረሻ ለጉባኤ የሚቀርብ አጭር ጽሑፍ መረቀቅ ጀመረ፤ ከአዘጋጆቹ መካከል የሟች ስም በመጀመሪያ ተጽፎ ነበር። ሰኞ አንብበው እንዲያርሙት ታስቦ ነበር። ዕድሜ ልካችንን አንዱ ወደሚያይበት ሌላው መዞሩን ስናጠና የኖርን ሰዎች፣ መንጋው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሲያይ ከመካከላችን ዞር ብሎ ያየ ጠፋ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የሟች እህት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደወሉ። «ስልኳን አታነሳም፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም» አሉ። ጸሐፊዋ «አይጨነቁ እናቴ፤ ቀይ ካርድ ሰቅለዋል፣ ሥራ ላይ ናቸው» ብላ መለሰችላቸው። «ቢሆንስ፣ አንድ ጊዜ ብቅ ብለሽ ብታይልኝ ምን አለበት?» ሲሏት «ኧረ ይቆጡኛል፤ ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው» አለች። ጸሐፊዋ ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራ መግባት አልቻለችም። ማናችንም ስልኩን ብናነሳ ኖሮ የምንመልሰው ያንኑ ነበርና ጥፋቱ በእሷ እንዳይላከክ ትምህርት ክፍሉ ያሳስባል።

ሰኞ ማለዳ እህታቸው ራሳቸው መጡ። ኮሪደሩ ላይ ያገኛቸው ባልደረባ መንገድ ዘግቶ «ካርድ ተሰቅሏል እኮ» አላቸው። «ይሰቀል» ብለው እጀታውን ያዙ። በሩ አልተቆለፈም ነበር።

ሟች ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ መስታወቱ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ወድቀዋል። የተዘረጋው እጃቸው መስታወቱን ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ከማዶ እሜቴ ተቀምጣለች። ሐኪሙ እንዳስረዱት የሞታቸው ምክንያት በአንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም ሲሆን ሕይወታቸው ወዲያውኑ አላለፈም። እህታቸው «ቢደረስላት ትተርፍ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ «እሱን አላውቅም። ብቻቸውን ግን አይሆኑም ነበር» አሉ። ይህ መልስ በተሰጠበት ጊዜ የክፍሉ ኃላፊና ሁለት መምህራን እዚያው ቆመው ነበር። ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን የመጀመሪያውን መግለጫ የጻፍነው ይህን መልስ ከሰማን በኋላ ነው።

በዚያ ስብሰባ ላይ ሕጉን ያወጡት ሟች ራሳቸው ናቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ ራሶች ተነቅንቀዋል። የዩኒቨርሲቲው የሕግ አማካሪም «በድንገተኛ ሕመም» ማለት ይበቃል የሚል ምክር ሰጥተዋል። «በባልደረቦቻቸው መካከል» የሚለውን የጨመርነው ግን እኛው ነን፤ ማንም አላዘዘንም። ዓረፍተ ነገሩ ባዶ እንዳይመስል ፈልገን ነበር። ሕጉን ማን እንዳወጣው መጠቃቀስ ደግሞ ምንም አያድነንም፤ ያወጡት ሰው ለእኛ ሲሉ ስንት ጊዜ እንደጣሱት ስለምናውቅ። ከሐሙስ እስከ ሰኞ «እትዬ፣ አሉ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ለጉባኤው የተረቀቀው ጽሑፍ እንዲቀር፣ የእነዚያ ቀናት ምስልም ለማንኛውም ጥናት እንዳይውል ተወስኗል። ቀይ ካርዱ እንዲቀጥልና እንዲቀር የሚሉ ሁለት ወገኖች አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም። ሁለቱም ወገኖች ግን ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ጀምረዋል፤ ካርድ ያለበትን በር ሁሉ እያንኳኩ ያልፋሉ። ምልከታ እየተበላሸ ነው፤ ቅሬታ ያቀረበ የለም። ይህን ያነበበ ሰው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢለን እውነቱን ነው።

ትምህርት ክፍሉ ለሟች ታናሽ እህት፣ አክስታቸውን እንደ እናት ላዩ ልጆቻቸው፣ በየቦታው ለሚያስተምሩ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውና «አለሽ?» ተብለው ለሚያውቁ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለመንጋውም እንዲሁ ብንል አንባቢ አይሳቅብን። ሙሽሪት በሰላም ወልዳለች። ለግልገሏ ስም የሚያወጣላት እስካሁን አልተገኘም።

የዚህ መግለጫ ረቂቅ ከመውጣቱ በፊት በእህታቸው ልጅ እጅ ለቤተሰቡ ተልኮ ነበር። ረቂቁ በአንድ ቦታ «ሕልፈታቸው ሳይታወቅ ቆይቶ» ይል ነበር። እህታቸው ጨርቅ በሚያሰምሩበት ጠመኔ ሰርዘውት፣ «ታውቋል። ጦጣዎቹ አውቀዋል» የሚል ቃል በልጃቸው ልከውብን እኛም ሐረጉን ከመግለጫው አውጥተነዋል። ከቃሉ ጋር «ይሁን፤ ይምጡ» የሚል ፈቃድ አብሮ መጣ።

ትናንት ከሥራ በኋላ ሁላችንም ሄድን። ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ተሰልፈን ደረስን። እንደ ማንኛውም የለቅሶ ቤት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መጋረጃው በጨርቅ ቁራጭ ወደ ጎን ታስሯል፤ ከውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ይታዩናል፣ እኛም እንታያቸዋለን። ደፉ ላይ ስንደርስ ግን የሚገባ ጠፋ። አንዱ በአንዱ ጀርባ ቆመ። በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ እጃቸውን አንሥተው የተከፈተውን በር በጣታቸው አንጓ ቀስ አድርገው አንኳኩ።

እህታቸው ቀና ብለው አዩን።

«ግቡ» አሉ። «ይሄማ ክፍት ነው። የሚንኳኳው ያኛው ነበር።»